በአውቶሞቢል ወደ ማንኪራ፤ የአንድ ጐዳና ታሪክ

የሥራው ሳምንት ተፈጽሞ የጽሕፈት ቤቱ በር በተዘጋ ጊዜ፣ አውቶሞቢል ባለው ሰው ልብ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም «በዚህ ቅዳሜና እሑድ ወዴት እንሂድ?» የሚል ነው። የአዲስ አበባ ሰው ለዚህ ጥያቄ የለመደው መልስ አለው። አንዱ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ይወርዳል፤ ሁለተኛው ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ ይነዳል፤ ሦስተኛው አምቦን ወይም ወሊሶን ይመርጣል፤ ጊዜው የጠበበበትም እንጦጦ ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል ተመልክቶ ይመለሳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሳምንቱን ሙሉ በወረቀት መካከል የተቀመጠ ሰው ንጹሕ አየር ያስፈልገዋልና።

በዛሬው ንግግራችን ግን ከዚህ ራቅ ወዳለ ስፍራ ልንወስዳችሁ አስበናል። ስፍራው በካፋ ምድር፣ ከቦንጋ ከተማ ወዲያ፣ በደቻ ወረዳ የሚገኘው ማንኪራ ነው። ማንኪራ ከተማ አይደለም፤ ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት የደን አገር ነው። የአገሩ ሰዎች የቡና ሁሉ እናት የተገኘችው በዚህ ነው ይላሉ። ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ ያለው ርቀት 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ ጕዞው ከተራ የእሑድ ሽርሽር በላይ ነው። አንድ የበዓል ቀን ከቅዳሜና እሑድ ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ ግን፣ በማኅበር ለሚጓዙ ባለ አውቶሞቢሎች የተመቸ ይሆናል።

የንግግራችን ዓላማ የአገሩን ውበት ማወደስ ብቻ አይደለም። ስለ ውበቱ ዓይን ራሱ ይመሰክራል። እኛ ልንመረምር የምንፈልገው ይህን ነው፤ በዚህ ጐዳና ከእኛ በፊት የተጓዙት እነማን ናቸው? ሲሄዱ ምን ይዘው ሄዱ? ሲመለሱስ ምን ይዘው ተመለሱ? ይህን ያወቀ መንገደኛ መሪውን ሲጨብጥ በማን ዱካ ላይ እንደሚነዳ ያውቃል፤ እርሱም በተራው ስለሚተወው ዱካ ያስባል።

አስቀድሞ ስለ ባለ አውቶሞቢሎች ማኅበር ጥቂት እንበል። አውቶሞቢል በዓለም ላይ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ባለቤቶቹ ለብቻቸው ምንም ማድረግ እንደማይችሉ ፈጥነው ተረዱ። መንገዱ ለጋሪና ለፈረስ የተሠራ ነበር፤ ቤንዚን እንደ ልብ አይገኝም፤ ሞተሩ በመንገድ ላይ ቢቆም የሚጠግን ሰው አይታወቅም፤ ሕዝቡም ጩኸቱንና አቧራውን ይጠላ ነበር። ስለዚህ በፈረንሳይ በ1895 እ.ኤ.አ.፣ በእንግሊዝ በ1897 እ.ኤ.አ.፣ በጀርመን በ1899 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ በ1902 እ.ኤ.አ. የባለ አውቶሞቢሎች ማኅበራት ተቋቋሙ። እነዚህ ማኅበራት በእሑድ ቀን አብሮ መብላትና መጠጣት ብቻ አልነበረም ሥራቸው። የመንገድ ምልክት አቆሙ፤ ካርታ አሳተሙ፤ በመንገድ ለተሰናከለ አባል የሚደርስ ባለሙያ አዘጋጁ፤ መንግሥትም መንገድ እንዲያሠራ ወተወቱ። እንግዲህ ከሽርሽሩ በስተኋላ የጋራ ሥራ ነበረ ማለት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው በዚህም ይፈጸማል።

ወደ አገራችን የመጣን እንደ ሆነ፣ አውቶሞቢል የገባው መንገድ ሳይኖር ነው። ከአውቶሞቢል አስቀድሞ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ መንገድ መዳመጫ አስመጥቶ ነበር፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አደረሰ። ጕዞው ብዙ ድካም የተመላ ነበር፤ መንገድ በሌለበት ስፍራ አውቶሞቢሉ ሰውን በመሸከም ፈንታ ሰው እርሱን እየጐተተ እንዲያልፍ ሆኗል። ጥቂት ሳምንታት ሳይቈይ አንድ ጀርመናዊም ሁለተኛ አውቶሞቢል ይዞ ደረሰ። ዐፄ ምኒልክ አዲስ ነገር መመርመር የሚወዱ ንጉሥ ነበሩና፣ ሌላው ሰው ፈርቶ ሲያፈገፍግ እርሳቸው ወዲያው ተቀምጠውበት ሄዱ። ስለዚህ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የአውቶሞቢል ሽርሽር የንጉሡ ሽርሽር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ አውቶሞቢል በባቡር ተጭኖ መምጣት ጀመረ፤ ቍጥሩም እየበዛ ሄደ። ይሁን እንጂ ከከተማው ወጣ ሲሉ ጭቃ፣ ገደልና ድልድይ የሌለው ወንዝ ይጠብቅ ስለ ነበር፣ ለሩቅ አገር ጕዞ በቅሎ ለረዥም ዘመን አልተሻረችም።

በመኪና ነክ ነገር የምንናገርበትን ቋንቋ ብትመረምሩ፣ ታሪኩ በቃላቱ ውስጥ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሹፌር የምንለው ከፈረንሳይኛ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ስኮርታ፣ ጎሚስታ፣ ታርጋ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ የምንላቸው ግን ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። በየዓመቱ ቦሎ ለመለጠፍ ሰልፍ የሚቆም ሰው፣ ቃሉ ከማን እንደ ተወረሰ ብዙ ጊዜ አያስበውም። ጠላት አገራችንን በያዘባቸው አምስት ዓመታት ለጦሩና ለጭነት መኪናዎቹ ሲል መንገድ አስጠርጓል፤ በጠረጋው ላይም የብዙ ኢትዮጵያውያን ጕልበት ፈስሷል። ከነጻነት በኋላም ያ መንገድ በጦርነትና በዝናም ተጐድቶ ስለ ነበር፣ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጐዳና ባለ ሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪካ አገር ካበደረው ገንዘብም የመጀመሪያው ከዚያው ዓመት ብድር የሚቈጠር ነው።

መንገዱ ከተስተካከለ በኋላ፣ ባለ አውቶሞቢሉ በማኅበር መውጣትን ለመደ። በእርግጥ ማኅበር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ የጻድቃን ማኅበሩ ከአውቶሞቢል በፊት የነበረ ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቍልቢ ገብርኤል የሚጐርፈውን የመኪና ሰልፍ የተመለከተ ሰው፣ የባለ አውቶሞቢሎችን ማኅበር ከውጭ አገር ተበድረን ያመጣነው ነው ብሎ ሊናገር አይደፍርም። ጐረቤት ከጐረቤት፣ መሥሪያ ቤት ከመሥሪያ ቤት ተጠራርቶ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ስለቱን ይዞ፣ የጐደለውን እየተሟላ፣ የቆመበትን እየገፋ መሄድ የቆየ ልማዳችን ነው። ቮልስዋገን የተባለችው ትንሽ አውቶሞቢልም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ስፍራ አላት። በዋጋዋ መጠነኛ፣ በጥገናዋ ቀላል ስለ ነበረች የብዙ መንግሥት ሠራተኛና መምህር የመጀመሪያ አውቶሞቢል ሆነች። በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህችው ትንሽ አውቶሞቢል መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ዛሬም በአዲስ አበባ እርሷን እያደሱ የሚወዱና አብረው የሚሸራሸሩ ሰዎች አሉ።

በደርግ ዘመን ቤንዚን በኩፖን ሲታደል፣ ከከተማ ለመውጣትም የይለፍ ወረቀት ሲጠየቅ፣ ይህ ልማድ ተዳከመ። ሩቅ መንገድ መሄድ ለሥራ ካልሆነ በቀር የሚያስጠረጥር ነበር። እንግዲህ ዛሬ በፈቃዱ ተነሥቶ በአገሩ ውስጥ 450 ኪሎ ሜትር መንዳት የሚችል ሰው፣ ይህ ነገር ለሰው ሁሉ፣ በዘመን ሁሉ የተሰጠ እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባዋል።

አሁን ጕዞውን እንጀምር። ከአዲስ አበባ በሰበታ በኩል ወጥታችሁ በቱሉ ቦሎ ሜዳ አልፋችሁ፣ በ114 ኪሎ ሜትር ላይ ወሊሶን ታገኛላችሁ። ወሊሶ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጊዮን ትባል የነበረችው ናት፤ ፍል ውሃዋም የታወቀ ነው። ከዚያ ወልቂጤ፤ ከወልቂጤም በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። እዚህ ላይ ማኅበረኞች ሁሉ ፍጥነታቸውን ሊገቱ ይገባል፤ ቍልቁለቱን በፍሬን ብቻ ሳይሆን በማርሽ መውረድ የአሽከርካሪ ብልኀት ነው። ሙቀቱ ይጨምራል፤ ዛፉም ይለወጣል። ከወንዙ ማዶ ዳግመኛ ሽቅብ ተወጥቶ በሰኮሩና በአሰንዳቦ በኩል ወደ ጅማ ይደረሳል። በመንገዱም ላይ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ውሃ ተንጣሎ ይታያል፤ የማመንጨት ዐቅሙ 184 ሜጋዋት ነው።

በጅማ አድሮ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በጅሬን ኰረብታ ላይ መጐብኘት ተገቢ ነው። ጅማ የሕርማታ ገበያ አገር ነበረች፤ ከደቡብና ከምዕራብ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ሁሉ በእርሷ ያልፍ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የካፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጅማ እንጂ ቦንጋ አልነበረችም። ስለዚህ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ «ካፋ» የሚለውን ቃል በደብዳቤ ራስጌ ላይ ሲጽፍ የሚያስበው ጅማን ነበር። ትክክለኛው የካፋ ምድር ግን ከጅማ ደቡብ፣ ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ነው።

ጎጀብ ሲደረስ፣ እባካችሁ አውቶሞቢሉን አቁማችሁ ውረዱ። በድልድዩ ላይ በአንድ ደቂቃ የምታልፉት ይህ ወንዝ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የአንድ መንግሥት አጥር ነበር። የካፋ ነገሥታት «ታቶ» እየተባሉ፣ ከታላላቅ ሹማምንት ምክር ጋር አገራቸውን ይገዙ ነበር። ወሰናቸውን በጥልቅ ቦይ፣ በእንጨት አጥርና በጠባቂ በር አጽንተው፣ እንግዳ ያለ ፈቃድ እንዳይገባ ይከለክሉ ነበር። ነጋዴ ግን በተወሰነለት ስፍራ ይገባ ነበር፤ ቦንጋም የታወቀች የንግድ ከተማ ሆነች።

ነጋዴው ምን ይዞ ይመጣ ነበር? ከአፋር የጨው ሜዳ ተቈርጦ በብዙ እጅ የተላለፈውን አሞሌ፣ ጨርቅና ዶቃ ያመጣ ነበር። ምን ይዞ ይመለስ ነበር? የዝሆን ጥርስ፣ ከጥርኝ የሚወጣ ዝባድ፣ ማር፣ ቡና፤ ከዚህም ሁሉ ጋር ሰው። መንገዱ ከቦንጋ በጅማና በሊሙ እናርያ በኩል ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎጃም ወደ ባሶ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይደርስ ነበር። በዚህ ረዥም መንገድ ላይ የተነዳው ባሪያ ብዛት በመዝገብ አልተጻፈም። እኛ ግን ስለ ዝባድና ስለ ዝሆን ጥርስ ስንናገር ይህን ዘልለን ብናልፍ ታሪክ መናገራችን ሳይሆን ማስዋባችን ይሆናል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅም ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ።

ከውጭ አገር ሰዎችም ጥቂቶች ይህን ወንዝ ተሻግረዋል። ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ በ1843 እ.ኤ.አ. ከእናርያ ንጉሥ የጋብቻ መልእክተኞች ጋር ተቀላቅሎ ካፋ ገብቶ ጥቂት ቀን ሰነበተ። ጣልያናዊው ሚስዮናዊ ማሳያ ከ1859 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. በዚያ ተቀምጦ በመጨረሻ ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። እነዚህ ሰዎች ይዘው የተመለሱት ወሬና ጽሑፍ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ጦር ነው። የዐፄ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዛዥነት በ1889 ዓ.ም. ካፋ ገባ። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ያህል በጫካና በገደል እየተዘዋወሩ ተዋጉ፤ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተያዙ። ወደ ሸዋም ተወስደው በግዞት ሳሉ ሞቱ። የነገሥታቱ ዘውድ በምኒልክ እጅ ገባ፤ ከዚያም የንጉሡ አማካሪ ከነበረው ከስዊሱ ኢልግ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ፤ ከረዥም ዘመን በኋላ ግን ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የካፋ ሕዝብ በጦርነቱና ከጦርነቱ በኋላ በመጣው የባርነት ንግድ ክፉኛ ተመናመነ። ብዙ የታረሰ መሬትም ጫካ ሆነ። ዛሬ በመስኮታችሁ እያያችሁ «እንዴት ያለ ጥንታዊ ደን ነው!» የምትሉት ሁሉ ጥንታዊ ደን ላይሆን ይችላል፤ ከፊሉ የጠፋ መንደር ያደገበት ሊሆን ይችላል። ይህን መናገር የሰውን ልብ ለማቍሰል አይደለም። አገርን መውደድ መልካሙን ገጽ ብቻ ማንበብ ስላልሆነ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በ1905 እ.ኤ.አ. ፍሪድሪሽ ቢበር የተባለ ኦስትርያዊ በበቅሎ ካፋ ደረሰ። ያ ሰው የካፋን ሥርዐት፣ ልማድና ቋንቋ ከሽማግሌዎች እየጠየቀ ጻፈ፤ ሥራውም በሁለት ትልልቅ ቅጾች በ1920 እና በ1923 እ.ኤ.አ. ታተመ። ዛሬ ስለ ጥንታዊው የካፋ መንግሥት የሚጽፍ ሊቅ ሁሉ ወደ እነዚህ መጻሕፍት ይመለሳል። ቢበር ስለ አንዲት የባዕድ አገር ይህን ያህል ሲደክም፣ እኛ በገዛ አገራችን በአውቶሞቢል አልፈን የምንመለሰው ፎቶግራፍ ብቻ ይዘን ከሆነ፣ ነገሩ ያሳፍራል።

ከጎጀብ ወዲያ በጊምቦ በኩል ቦንጋ ይደረሳል። በቀድሞው ዘመን በዚህ መንገድ የቡና ጆንያ የተሸከሙ ከባድ መኪናዎች በጭቃ ተይዘው ቀናት ያሳልፉ ነበር። የካፋ ዝናም እንደ ሸዋ ዝናም አይደለም፤ ወራቱ ረዥም ነው። በቅርብ ዘመን አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ግን የጅማና የቦንጋ ርቀት የጥቂት ሰዓት መንገድ ሆኗል። ቦንጋም በ2014 ዓ.ም. ለተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች። በከተማይቱ የቡና ቤተ መዘክር አለ፤ በአጠገቧም የውሽውሽ ሻይ ተክል ምድሩን አለባብሶ ይታያል።

አሁን ወደ ማንኪራ እንሂድ። ከቦንጋ እስከ ደኑ መግቢያ በአውቶሞቢል፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ይህ ለባለ አውቶሞቢል መልካም ትምህርት ነው፤ ስፍራው በመስኮት አይታይምና። በጥላው ውስጥ ስትገቡ በመጀመሪያ ቡናውን አትለዩትም። በአትክልት ስፍራ እንደሚታየው በረድፍ የተሰለፈ አይደለም፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ቅጠሉ የሳሳ፣ ፍሬው ጥቂት ነው። አንድ የአገሩ ሰው በእጁ ካላሳያችሁ በአጠገቡ ታልፉታላችሁ።

ቃልዲ የተባለው እረኛ ፍየሎቹ የቡና ፍሬ በልተው ሲፈነጩ አየ የሚለውን ታሪክ ሁላችሁ ሰምታችኋል። ይህ ተረት በጽሑፍ የታወቀው በ1671 እ.ኤ.አ. በሮም በታተመ መጽሐፍ ነው፤ በዚያ ግን የእረኛው ስም አልተጻፈም፤ ቃልዲ የሚለው ስም ኋላ የተጨመረ ነው። «ካፌ» የሚለው የአውሮፓ ቃልም ከዐረብኛው «ቀህዋ» እንደ መጣ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ቀህዋ ራሱ ከካፋ ስም መጥቷል የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ካፋ ክብሯን ለማግኘት ተረት አያስፈልጋትም። ሳይንስ የመሰከረላት ይበቃታል።

ምስክሩም ይህ ነው። ዓለም በብዛት የሚጠጣው ቡና በ1753 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ሊኔዎስ «አራቢካ» ብሎ ሰየመው፤ ጥንተ መኖሪያው የዐረብ ምድር መስሎታልና። የዚህ ቡና ጥንተ መኖሪያ ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። በዓለም ላይ በብዙ ሚሊዮን ሄክታር የተተከለው አራቢካ በየመን በኩል ከወጣ ጥቂት ዘር የተባዛ ስለ ሆነ፣ እርስ በርሱ እጅግ የተቀራረበ ነው። አንድ በሽታ አንዱን ከያዘ ሁሉንም ለመያዝ ይቀልለዋል። በእናት ደኑ ውስጥ ግን ልዩ ልዩ ጠባይ ያላቸው ዛፎች አሉ፤ አንዱ ድርቅን ይችላል፤ ሌላው በሽታን ይቋቋማል።

ይህ ነገር በመጽሐፍ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በራሳችን አገር የታየ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬን እያጠቈረ የሚያደርቅ በሽታ በኢትዮጵያ ተገኘ፤ የብዙ ገበሬዎች ምርትም ጠፋ። የጅማ የእርሻ ምርምር ሊቃውንት መፍትሔውን የፈለጉት ከባሕር ማዶ አይደለም፤ በዚሁ በአገራችን የቡና ደንና ጓሮ ውስጥ በሽታው ያልደፈራቸውን ዛፎች እየመረጡ ዘራቸውን ለገበሬው አበዙ። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ማለት ይህ ነው።

ከዚህ ደን ዘር ይዘው የሄዱም ብዙ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1964 እና በ1965 እ.ኤ.አ. የቡና ሊቃውንት ልኮ ዘር አሰበሰበ፤ ዘሩም ለኮስታ ሪካ፣ ለሕንድና ለሌሎች አገሮች ተከፋፈለ። ከዚያ አስቀድሞ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከምዕራብ ደቡብ ደን የተወሰደ ጌሻ የተባለ ዘር በምሥራቅ አፍሪካ በኩል አልፎ ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻገረ። በ2004 እ.ኤ.አ. በፓናማ ውድድር አንደኛ ወጥቶ ከዚያ ወዲህ በዓለም እጅግ ውድ ከሆኑት ቡናዎች አንዱ ሆነ። ስሙ የእኛ ነው፤ ዘሩ የእኛ ነው፤ ገንዘቡን የሚቈጥሩት ግን ሌሎች ናቸው። ነጋዴው ዝባድና ሰው ይዞ ሄደ፤ ወታደሩ ዘውድ ይዞ ሄደ፤ ሊቁ ዘር ይዞ ሄደ። ካፋ ለሁሉ ሰጠች። ለእርሷ የተመለሰላት ግን ጥቂት ነው።

ዛሬ ደኑ ራሱ በሥጋት ላይ ነው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከ700,000 ሄክታር በላይ የሆነውን የካፋ ምድር ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት የተጠበቀ ስፍራ ብሎ መዘገበው። ይሁን እንጂ መዝገብ ብቻውን ዛፍ አይጠብቅም። መንገድ ሲሻሻል ቡናው በፍጥነት ወደ ገበያ ይደርሳል፤ በዚያው መንገድ ግን ግንድ የሚጭነውም ይገባል። ሙቀቱም እየጨመረ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አሁን በኢትዮጵያ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 ከመቶ የሚሆነው ለቡና የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል።

እንግዲህ ባለ አውቶሞቢሎች ማኅበር ይህን ሁሉ ዐውቆ ምን ያድርግ? ስለ ካፋ ደን በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ወረቀት የሚጽፍ፣ ወረቀት የሚያጸድቅ ሰው በአንባብያን መካከል ሞልቷል። ማንኪራን በዓይኑ ያላየ ሠራተኛ ስለ ማንኪራ የሚወስነው ውሳኔ፣ ሕመምተኛውን ሳያይ መድኃኒት እንደሚያዝዝ ሐኪም ነው። ስለዚህ ይህ ጕዞ ለደስታ ብቻ ሳይሆን ለሥራም ይጠቅማል።

ጕዞውን ስታሰናዱ፣ በዝናም ወራት ሳይሆን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ አድርጉት፤ ፍሬው የሚቀላውና የሚለቀመው በዚያው መጀመሪያ ላይ ነው። ከማኅበሩ መካከል መንገድ የሚያውቀው ከፊት፣ በጥገና የሚያውቀው ከኋላ ይሁን፤ ስኮርታና ክሪክ የሌለው አውቶሞቢል አይውጣ። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ተብሏልና ማንም ማንንም ለመቅደም አይሞክር፤ በየመንደሩ ልጆችና ከብቶች መንገዱን ያቋርጣሉ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ወስኗልና፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አውቶሞቢል የገዛ አባልም ኃይል የሚሞላበትን ስፍራ አስቀድሞ ያጣራ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በማንኪራ የሚደረገው ነው። መሪ የሚሆናችሁን ሰው ከአገሩ ሰው ቅጠሩ፤ ዋጋውንም ያለ ክርክር ክፈሉ። ሽማግሌ ስታገኙ ተነሥታችሁ እጅ ንሡ፤ ሲናገሩም አታቋርጧቸው፤ በካፊኛ ቡና «ቡኖ» እንደሚባል ከእርሳቸው አፍ መስማት ከመጽሐፍ ከማንበብ ይበልጣል። ማርና ቡና የምትገዙ ከሆነ ከሠራው ሰው እጅ ግዙ። ከደኑ ችግኝ አትንቀሉ፤ ፍሬም ለመታሰቢያ ብላችሁ በኪሳችሁ አትክተቱ፤ ከማንኪራ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ይዞ ሄዷልና እናንተም በቍጥሩ ላይ አትጨመሩ። የያዛችሁትን ላስቲክና ጠርሙስ ይዛችሁ ተመለሱ።

በመጨረሻም፣ ክቡራን አንባብያን፣ እሑድ ማታ በጊቤ ሸለቆ ሽቅብ ስትወጡ፣ የፊት መብራታችሁ በሚያበራው ጐዳና ላይ ከእናንተ በፊት የሄዱትን አስቡ። አሞሌ የተሸከመችው በቅሎ፣ እጁ የታሰረው ባሪያ፣ በግዞት የተወሰዱት ንጉሥ፣ መዝገቡን የያዘው መንገደኛ፣ ድንጋይ የፈለጠው ሠራተኛ፣ በጭቃ ያደረው ሹፌር፣ ሁሉም በዚህ አልፈዋል። እናንተ በሁለት ቀን የምትሄዱትን መንገድ እነርሱ በሳምንታት ሄደውታል፤ አንዳንዶቹም አልተመለሱም። ሰኞ ጠዋት በጽሕፈት ጠረጴዛችሁ ላይ ቡና ሲቀርብላችሁ፣ ከሲኒው ወዲያ ያለውን ደን፣ ከደኑም ወዲያ ያለውን ሕዝብ ካያችሁ፣ ቤንዚናችሁ በከንቱ አልነደደም። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው መንገደኛም ደኑን ቆሞ ያገኘው እንደ ሆነ፣ በዚህ ጐዳና ላይ ካለፉት መካከል ወስዶ ብቻ ሳይሆን ጠብቆም የሄደ ትውልድ እንደ ነበረ ይመሰክራል።